ኮቱን ከግድግዳ ያወረድኩት እኔ ነኝ

ቢቸና መናኸሪያ ፊት ለፊት ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ሾፌሩ ከመኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሽሮውን ይበላል። ሳልፍ ቀና አለና «ጋሼ፣ እንብላ» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ትኩር ብሎ አየኝና «እርስዎ ቪዲዮ አንሺው ጋሽ አዲሱ አይደሉም?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ካጣሁ ስንት ጊዜዬ! ዛሬ የቢቸና ሰው የሚያውቀኝ በጉርድ ፎቶና በፎቶኮፒ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር። «ነበርኩ» አልኩት፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ሽማግሌን እንደ መታወስ የሚያስደስተው ነገር የለም። «ያችን አልቃሽ እናት ያነሷት እርስዎ ነዎት እንግዲህ» አለ እጁን እየታጠበ። «እኔ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርጄ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አይቻታለሁ። የሞተ የተባለው ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።» እዚያው ከጎማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያች እኮ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የምኮራባት ፊልም ናት።

ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ እግሩ ደስ ያለውን መንገድ ይመርጣል፤ እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጥፋቴ አይደለም፣ ወደ ዘመኑ ነው። ያኔ ሻይ በስሙኒ ነበር፤ ሁለት ብስኩት ጨምሮ የጠጣ ሰው ምሳውን በላ ይባላል። በቢቸና ቪዲዮ ካሜራ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ትከሻ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ፣ ቀኑን ሙሉ ተሸክሜው ስውል አንገቴ ለሳምንት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከእህል በረንዳው ማዶ፣ ካሴት ከሚሸጠው ሱቅ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይቼ በሯን ሰማያዊ ቀባኋት። ካሴት ሻጩ ከጠዋት ጀምሮ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ይለቀዋል፤ የገበያ ቀን ከአምበር የመጣው፣ ከደብረ ወርቅ የመጣው፣ በሬውን በገመድ እንደያዘ ቆሞ ይሰማል። ገበሬው አረንጓዴ ቁምጣ ታጥቆ፣ ኮንጎ ጫማውን አጥቦ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፤ መምህሩ ደግሞ ያ በየትከሻው ስፖንጅ ያለበትን ኮት ለብሶ። ያ ኮት የሌለው ጎረምሳ ሚስት አይሰጠውም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስፖንጁ በዝናብ ሲርስ ሁለት ቀን አይደርቅም፤ ቢሆንም ይለበሳል። አሁን በዚያው ጥግ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጡበት ጎጆ አለ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ እሱም ተዘግቶ ውሾች ይተኙበታል።

እንጀራዬ ሠርግ ነበር፤ ልቤ ግን አጫጭር ፊልም ላይ ነው። የኪነት ቡድኑ ዞን ላይ ሲወዳደር የሚያሳየው ፊልም ይፈልጋል፤ እሠራለሁ። አንድ ማሲንቆ መቺ ነበር፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ተጫወት ስለው የእኔን ዘር ማንዘር እያወደሰ ካሴቴን ጨረሰው፤ ባትሪውም አለቀ፣ እሱ ግን አላለቀም። የፀረ ኤድስ ክበቡ ድራማ ያሠራኛል፤ በድራማው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚሞተው አንድ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ምክንያቱም ቀጭን ነበር። በአራት ፊልም ሞተልኝ፤ ሰውየው ዛሬም ድረስ በሕይወት አለ። ቅንብሩ በእጅ ነበር፤ ሁለት የቪዲዮ ዴክ በሽቦ አገናኝቼ፣ የአንዱን ቁልፍ ስጫን የሌላውን ስለቅ፣ ጣቴ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ የሰው አንገት ከሌላ ሰው ገላ ጋር ይገናኛል። ርእሱን በካርቶን ላይ በማርከር ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አነሳዋለሁ። አሁን ያለው ወጣት በስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ ይህን ሁሉ በአንድ ሻይ ጊዜ ይጨርሳል። አልቀናም። እሺ፣ እቀናለሁ።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ነው የሞጣ የሴቶች እድር ሊቀ መንበር እትዬ ብርቄ ሰው ልካ ያስጠራችኝ። እድሩ ድንኳንና ወንበር መግዣ ያስፈልገዋል፤ ከተማ ያሉት የሞጣ ተወላጆች እንዲረዱ እድሩ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አጭር ፊልም ይሠራ ተባለ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ጥሩንባ ሲነፋ፣ ሴቶቹ ድንኳን ሲተክሉ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ በመጨረሻም ሙሾ። በአውቶቡስ ጣራ ላይ ዕቃዬን አስጭኜ ሄድኩ፤ ያ መንገድ ያኔም እንደ ዛሬው ሆድ ዕቃን ቦታ ያለዋውጥ ነበር። የእድሩ ሙሾ አውራጅ እማማ አስካል ነበሩ። እማማ የምላቸው ያኔም ነው፣ ገና አምሳ እንኳ ሳይሞላቸው። ልቅሶ ላይ ቆመው የሟቹን ስም ሲጠሩ፣ እርሻውን፣ አነጋገሩን፣ ለእናቱ የሆነላትን በግጥም ሲያወርዱት፣ ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የኖረ ሰው እንኳ ቀድሞ ደረቱን ይመታል። ከሞጣ እስከ ጉንደ ወይን ሰው ሲሞት «አስካል ደርሳለች?» ይባላል። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው፣ ይበልጣል የሚባለው፣ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ከወረደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ።

ድንኳኑ በእማማ አስካል ግቢ ተተከለ። ሁሉም ነገር ሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ሟች። «ማን ሞተ እንበል?» አለች እትዬ ብርቄ። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አንዷ በቀልድ የጎረቤቷን ባል ስም ብትጠራ «ሟርተኛ! በራስሽ ባል!» ተብላ በነጠላ ልትመታ ነበር። በድራማ መሞት ሌላ፣ በእማማ አስካል አፍ መጠራት ሌላ ነው፤ ያ የባዮሎጂ መምህር ራሱ ሺህ ብር ቢሰጠው እሺ አይልም ነበር። እኔ ደግሞ የሌለ ሰው ስም እንፍጠር አልኩ። እማማ አስካል ሳቁብኝ። «የሌለን ሰው ምን ብዬ ላልቅሰው? እናቱ ማን ናት? ምን ያርስ ነበር? ሙሾ እኮ ሰው ይፈልጋል፣ ልጄ» አሉ። በመጨረሻ የሟች ባላቸውን ስም ጠርተው ሞከሩ። አፋቸው ደረቀ። ሴቶቹ በካሜራው ፊት እያፈሩ፣ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ እያፈነች፣ ነገሩ ሁሉ ለዛ አጣ። ፀሐይዋም ዘቅዘቅ ብላለች፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊሄድብኝ ነው።

የኤሌክትሪክ ገመዴን ልነቅል ወደ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፤ ምስማሩ ላይ ኮት ተሰቅሏል፤ ያ በየትከሻው ስፖንጅ ያለበት፣ ጥቁር፣ አቧራ እንዳይነካው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። ከአጠገቡ የይበልጣል ፎቶ፤ ጠጉሩን ወደ ጎን ከፍሎ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ። በአገራችን ወጥቶ የቀረ ሰው መርዶ ሲመጣ አስከሬን ስለሌለ ልብሱና ፎቶው ወጥቶ ነው የሚለቀስለት። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቃለሁ። አውቄ ነው ኮቱን ያወረድኩት። ወንበር አልብሼ፣ ፎቶውን ደረቱ ላይ አቁሜ፣ ወንበሩን ከእማማ አስካል ፊት አስቀመጥኩትና ካሜራዬን ከፈትኩ። እትዬ ብርቄ «አንተ! ምነው!» አለች፤ ግን ዘገየች። እማማ አስካል ኮቱን አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ዳሰሱት፤ ስፖንጁ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ፦

ያገር ልጅ ሲመለስ ሰሊጡን አጭዶ፣
የኔው ምን አገኘው ከበረሃው ወርዶ?
ኮቱ ይኸው አለ ትከሻው የት ሄደ፣
ማንን ሊያሞቅልኝ ቤቴ ውስጥ ለመደ?

ግቢው ተናወጠ። ሴቶቹ የምር አለቀሱ። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየገባ፣ ደረቱን እየመታ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ይላል። እማማ አስካል አንድ ሰዓት ያህል አወረዱት፤ ከልደቱ ጀምረው፣ ጥርስ እንዳወጣ፣ በሬ እንደጠመደ፣ ሲሄድ ዞር ብሎ እንዳላያቸው። እኔ ምን አደርግ ነበር? ትኩረት እያስተካከልኩ ነበር። በልቤ «እንዲህ ነው ፊልም!» እያልኩ ነበር። እንባቸው አገጫቸው ላይ ሲንጠለጠል ቀርቤ አነሳሁት፤ እንዲያውም ጎንበስ ብዬ ፊታቸውን በብርሃን በኩል አዞርኩት። ዛሬ ይህን ስጽፍ እጄን ልቆርጠው ይቃጣኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ግን የእጅ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ተረት እንኳ አልተተረተለትም።

ሌላም አለ። ልቅሶው ካበቃ በኋላ እትዬ ብርቄ ለፊልሙ መግቢያ እንዲሆን ካሜራው ፊት ቆማ «ይህ ለማሳያ የተሠራ ነው፤ ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ሞቷል አልተባለም» ብላ ተናግራ ነበር። ሳቀናብረው ጊዜው በዛ፤ አሥራ አራት ደቂቃ መጣ። ንግግሯ ደግሞ ይጎተታል፣ መሐል ላይም ታስላለች። ቆረጥኩት። ፊልሙ በሞጣ አዳራሽ ሲታይ ሰው በእንባ ታጠበ፤ ከተማም ሄዶ ድንኳኑም ወንበሩም ተገዛ፤ እኔም ከየእድሩ፣ ከየማኅበሩ፣ ከየኪነት ቡድኑ ተጠራሁ። ካሴቱ ግን ማንም ሳይልከው በእግሩ ሄደ። አንዱ ካንዱ እየቀዳ፣ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች «የእናት እንባ» ብለው በር ላይ እየጻፉ ያሳዩት ጀመር። ስሰማ ኮራሁ። እማማ አስካል ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ካሜራዬን ይዤ ሳያዩኝ ወደ ቤት ይገባሉ፤ እኔም ሥራ በዝቶብኝ መጠየቁን ተውኩት።

ሾፌሩ ስሙ ሙሉቀን ነው። ከጎማው ሥር ተቀምጠን የነገረኝ ይህን ነው። እሑድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቪዲዮ ቤቱን ሞልቶታል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። ፊልሙ ተጀመረ፤ ሙሾው ሲወርድ ያ ሁሉ ጎረምሳ እናቱን አስታውሶ አቀረቀረ። «ከጎኔ ያለው ሰውዬ ብድግ አለ፣ ጋሼ። ‹ይህ ኮት የኔ ነው› አለ። የሰከረ መስሎን ‹ተቀመጥ!› ብለን ጮኽንበት። አንዱ ‹ማን ሞቶ ነው?› ብሎ ቢጠይቀው ‹እኔ› አለ።» ይበልጣል ያን ዓመት ለፋሲካ ሊገባ ነበር አሉ። ሁለት ዓመት ወባ ሲጥለው ሲያነሳው ከርሞ፣ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ፣ በመጨረሻ ጥቂት ብር ቋጥሮ፣ ለእናቱ ጋቢ ገዝቶ ነበር። ጋቢውን በማግስቱ ለጓደኛው ሰጠው። «አልቅሰው ጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ ምን ልሁን ብዬ ልግባ?» አለና ሱዳን ወረደ። አሁን ተመልሶ መተማ ጎማ ይጠግናል፤ ሙሉቀን ሲያልፍ ጎማውን የሚያሠራው እሱ ዘንድ ነው። ስለ አገሩ አንድ ቃል አይወጣውም፤ ስልክ አልይዝም ይላል፤ ቢይዝስ ወደኛ በኩል ምን ኔትወርክ አለ!

ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል። እኔ ግን ልሥራ ብዬ ተነሳሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ? መንገዱ በተከፈተ ሰሞን በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። እማማ አስካል አርጅተዋል፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የእህታቸው ልጅ ዘርፌ ነች የምትጦራቸው። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኮቱን፣ የቆረጥኩትን ንግግር፣ ቪዲዮ ቤቱን፣ ጋቢውን። ይጨርሱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እርግማናቸውን ፈልጌም ነበር። እሳቸው ግን «አለ?» አሉ። «አለ» አልኳቸው። «አይተኸዋል?» «አላየሁትም፤ ያየው ሰው ነግሮኝ ነው።» እጃቸው ፊቴን ፈልጎ አገኘው። «አንተማ ኮት ነው ያወረድከው። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ድምፁን ሳጣ በልቤ ሞቷል ብዬ ነበር፤ ለሰው አልናገርም እንጂ። ኮቱን ስዳስሰው አመንኩት። እናት እንዴት ታምናለች?» አሉ። ይህ ከእርግማን የባሰ ነው። እርግማን ቢሆን ተሸክሜው እሄድ ነበር።

«ይምጣልኝ በለው» አሉ። ስልኬን አወጣሁ፤ በድምፅዎም በመልክዎም ይጥሩት፣ በሚሞሪ ካርድ አድርጌ በሾፌሩ እልክለታለሁ አልኳቸው። ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካከለች። ከፈትኩት። እማማ አስካል ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ፦ «አፈሩ ከበደህ፣ ወይ ድንጋይ ተጫነህ…» «ኧረ እማማ! ልጁ በሕይወት ነው ያለ!» ብዬ አቋረጥኳቸው። ደነገጡ። «እውነትክን ነው» አሉ። እንደገና ከፈትኩ። ስሙን ጠሩ፣ ድምፃቸው ወዲያው ወደዚያው ወደ ሙሾው ዜማ ወረደ። ሦስተኛም ሞከርን፣ አራተኛም፤ ያው ነው። ዘርፌ ሳቅና ልቅሶ ተናነቃት። «የሄደ ሰው እንዴት ነው የሚጠራ?» አሉኝ የምር ቸግሯቸው። «አርባ ዓመት የሞተ ስጠራ አፌ ይህን ለመደ።» እንደ ጎረቤት ያናግሩት፣ ከአጥር ማዶ እንዳለ አድርገው አልኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡ፣ በመጨረሻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው እንዲህ አሉ፦ «ይበልጣል። እኔ ነኝ። ሞቷል ብዬ ተሳስቻለሁ። ሰው ይሳሳታል። ቤቱ ያው ነው፣ በሩን ብቻ አድሰነዋል። ና።» ብዙ ፊልም ሠርቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አንድም አልሠራሁም፤ ይህን እንኳ በዚያች ሰዓት ማሰቤ ያሳፍረኛል።

ካርዱን ለሙሉቀን ሰጠሁት። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። በየሳምንቱ መናኸሪያው ፊት እየቆምኩ የአይሱዙ ታርጋ ማንበብ ሥራዬ ሆነ። ሱቄን ከፍቼ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው መንገድ ላይ ያገኘኛል። ሁለት ወር አልፎ ሙሉቀን መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ ፊቱን አየሁት፤ አወቅሁ። ይበልጣል ከጎማዎቹ መሐል ቆሞ በሙሉቀን ስልክ ሁለት ጊዜ አይቶታል፤ ልጆቹንም ጠርቶ «አያታችሁ ናት» ብሎ አሳይቷቸዋል። ሦስት ናቸው። ከዚያ ካርዱን አውጥቶ መለሰለት። «እናቴን አልተቀየምኩም በላት» ነው ያለው። «ግን ያን ሁሉ ሰው ሲያለቅስልኝ በዓይኔ አይቻለሁ። አገር ምድሩ የቀበረው ሰው በየትኛው ፊቱ ነው ገበያ የሚወጣ? ሕፃን ሲያየኝ ይሸሻል። አልመጣም። ልጆቼን ግን ትመርቅልኝ።» ሙሉቀን ለምኖት ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ውሎ ለምኖታል። እኔም ልሂድ፣ እግሩ ላይ ልውደቅ አልኩ። «አይድከሙ፣ ጋሼ» አለኝ፤ «እዚያ ድረስ የሚያስገባ መንገድም የለ።»

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ሞጣ የገባሁት። ጠዋት ነበር፤ ዘርፌ ደጃፉን ትጠርጋለች። መዋሸት አስቤ ነበር፤ ታሟል፣ ሲሻለው ይመጣል ልል። እማማ አስካል ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉ። «አዲሱ ነህ? ብቻህን ነህ?» «ብቻዬን ነኝ።» የመርዶ ነጋሪን ዝምታ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ውሸቴ አፌ ውስጥ ቀረ። ደህና ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ አልተቀየመዎትም፣ ልጆቼን ይመርቁልኝ ብሏል አልኳቸው። «እሰይ» አሉ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ስማቸውን ስላላወቅሁላቸው «ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ትንሹን» እያሉ መረቁ። ከዚያ «አይመጣም» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ዘርፌ መጥረጊያዋን ጥላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ የእማማ አስካልን አፍ አየሁ፤ ያ ድምፅ አሁን ይወጣል፣ ግቢው አሁን ይናወጣል ብዬ። ደረታቸውን ያዙ። አፋቸውን ከፈቱ። ምንም የለም። እንደገና ሞከሩ፤ ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ወደኔ በኩል ዞረው እጄን ያዙና «ለእሱ ያለኝን ቃል ሁሉ ያን ቀን ጨርሼዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «አንድ ስንኝ እንኳ አላስቀረሁም። አሁን በምን ላልቅሰው?»